«ልምድ አለሽ?» ሲሉኝ «የለኝም» አልኩ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የ26 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። በሶሲዮሎጂ ከተመረቅሁ አራት ዓመት ቢሆነኝም በሙያዬ ሥራ ስላላገኘሁ፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት በአንድ ሱፐርማርኬት በካሸርነት እየሠራሁ ቤተሰቤን እደግፋለሁ።

ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሲሆን አይናገርም። ሆኖም ውጭ መውጣት ሲፈልግ እጄን ይዞ የበሩ እጀታ ላይ ያሳርፈዋል፤ ማታ ከሥራ ስመለስም ደረጃውን ስወጣ ኮቴዬን ከጎረቤቶቻችን ኮቴ ለይቶ በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር መኝታ ቤት ታስገባውና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች። «ለአንቺው ብዬ ነው፤ ነገ ሊያገባሽ የሚመጣ ሰው ይህን ቢያይ ምን ይላል?» ትለኛለች። ልጇን ያልወሰደችበት ጸበል የለም፤ ሰው የተናገራት ክፉ ቃልም ብዙ ነው። ስለዚህ አልፈርድባትም።

ከአራት ወር በፊት አካል ጉዳተኞችን በሚያግዝ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ ነበር። «ከአካል ጉዳተኞች ጋር የመኖር ወይም የመሥራት ልምድ አለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የለኝም» ብዬ መለስኩ። ቃሉ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ሥራውን አላገኘሁም፤ ያ ግን ያን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ፣ የዚያን ዕለት ማታ ወንድሜ እንደ ልማዱ በሩ ሥር ቆሞ ሲጠብቀኝ ዓይኑን ቀና ብዬ ማየት ማቃቴ ነው።

አሁን ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ የሚገኝ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆችና ቤተሰቦቻቸውን የሚያግዝ ሌላ ድርጅት፣ ለቤት ለቤት ክትትል ሠራተኝነት ባመለከትኩት መሠረት ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀጥሮኛል። ያንኑ ጥያቄ እንደሚያነሡብኝ አውቃለሁ። እውነቱን ብናገር የእናቴን አደራ የበላሁ፣ ወንድሜንም ሥራ ማግኛ ያደረግሁት ይመስለኛል። ዝም ብል ለሁለተኛ ጊዜ እንደካድኩት እቆጥረዋለሁ። ከሁሉ የሚብስብኝ ግን፣ ሥራውን ባገኝ፣ የገዛ ወንድሜን ቤት ዘግቼበት ሌሎች ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያወጡ ልመክር መሄዴ ነው። ቃለ መጠይቁን ብተወው ይሻለኝ ይሆን? እባክዎ ይምከሩኝ።

እህቱ ነኝ
ከኮዬ ፈጬ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ዓይኔ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው። በስምሽ ፋንታ «እህቱ ነኝ» ብለሽ ፈርመሻል። ወንድሙን የካደ ሰው ራሱን በዚህ ስም አይጠራምና፣ «ካድኩት» የሚለውን ቃል ከላይሽ ላይ እንድታወርጂ አስቀድሜ እለምንሻለሁ። እርሱ ሲወለድ አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በቤታችሁ ስለ እርሱ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መልስ የለመደ አፍ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት በድንገት ሲጠየቅ የለመደውን ቢመልስ፣ ልብሽ አብሮ ተስማምቷል ማለት አይደለም። እስቲ በጸጥታ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ያን ዕለት ማታ ያፈርሽው በወንድምሽ ነው ወይስ በመልስሽ? ከጻፍሽልኝ እንደተረዳሁት በመልስሽ ነው፤ መልስ ደግሞ የሚታረም ነገር ነው።

ይህን የምልሽ ነገሩን ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ቡና የምትጠጣበት አንድ የጎረቤት ቤት ነበር። የቤቱ እመቤት ዳቦው በተቆረሰ ቁጥር ከሁሉም በፊት አንድ ቁራሽ በትንሽ ሳህን ለይተው ወደ ጓዳ ይዘው ይገቡና ሳህኑን ባዶ አድርገው ይመለሱ ነበር። ለባለቤታቸው የሚያስቀምጡ ይመስለን ነበር። ሴትዮዋ ያረፉ ጊዜ ነው፣ ለለቅሶ የተሰበሰበው ጎረቤት ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ላይ የተቀመጠች ሃያ ዓመት ያለፋት ልጅ መኖሯን ያወቀው። እናቴ የዚያን ዕለት ቤት ተመልሳ «ይህን ሁሉ ዓመት ቡና ስንጠጣ አንድ ቀን እንኳ ለማን ነው አላልኳትም» እያለች አለቀሰች። የመጀመሪያውን ቁራሽ ሁልጊዜ ለልጃቸው ይለዩ የነበሩትን እናት ጨካኝ ብዬ ልጠራቸው አልችልም፤ ልጃቸውን ይወዱ ነበር፣ የሰውን አፍ ደግሞ ይፈሩ ነበር። የአንቺም እናት ቴሌቪዥኑን ከፍ የሚያደርጉት በዚሁ ፍርሃት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ «አልፈርድባትም» ያልሽውም ለዚህ ነው።

ወደ ቃለ መጠይቁ ልምጣ። መሄድ አለብሽ ብዬ አምናለሁ፤ «ልምድ አለሽ?» ለሚለው ጥያቄም «አለኝ» ብለሽ ብትመልሺ ደስ ይለኛል። ወንድምሽን ሥራ ማግኛ ማድረግ የሚሆነው፣ ሰዎቹ እንዲያዝኑልሽ ስትይ የእርሱን ችግር በዝርዝር ስትተርኪ፣ ስሙን ስትጠሪ፣ ፎቶውን ከስልክሽ አውጥተሽ ስታሳዪ፣ እንዴት እንደሚታጠብና እንዴት እንደሚለብስ ስትናገሪ ነው። ያ የእርሱ ገመና ነው፤ ፈቃዱን በቃል ሊሰጥሽም ሆነ ሊነፍግሽ ስለማይችል ከማንም በላይ አንቺ ልትጠብቂለት ይገባል። ከእርሱ ጋር በመኖር የተማርሽው ግን የራስሽ ነው። እጅሽ የበር እጀታ ላይ ሲቀመጥ ትርጉሙን ማወቅ፣ የማይናገር ሰው ሲጨነቅና ሲደሰት መለየት፣ እንግዳ ሲያንኳኳ በአንድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ግርግር ከውስጥ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ ለዓመታት ያካበትሽው ዕውቀት ስለሆነ ለመናገር የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ስለዚህ ለምሳሌ እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦ «በቤተሰቤ ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው አለ፤ አብረን ነው ያደግነው። ንግግር በሌለበት መግባባትን ከእርሱ ተምሬአለሁ፤ ቤተሰብ ለምን እንደሚፈራም ከውስጥ አውቃለሁ። የእርሱ የግል ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ በላይ ባልዘረዝር እመርጣለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አደራ እንዳትተዪያት። የሰው ቤት ገብቶ የሰው ምሥጢር ለሚያይ ሠራተኛ፣ የት ላይ ዝም ማለት እንዳለበት ማወቁ ከሙያው ዋና ክፍል ነውና፣ ሥራውን የሚያውቅ ጠያቂ ይህን ስትዪ አክብሮቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አንድ ነገር ብቻ ላክልበት፤ አንድን ልጅ በደንብ ማወቅ ሁሉንም ልጆች ማወቅ ማለት ስላልሆነ፣ «እነዚህን ልጆች አውቃቸዋለሁ» ከማለት ይልቅ «አንዱን በቅርበት አውቃለሁ፣ ሌሎቹን ለማወቅ ትዕግሥቱ አለኝ» ማለት ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ከሐሙስ በፊት እንድትነግሪያቸው እመርጣለሁ። ፈቃድ እስኪሰጡሽ ድረስ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ ማለቴ ሳይሆን፣ ሥራውን ብታገኚ ከየት መጣ የማይባል ነገር ስላልሆነ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ወንድምሽ ከተኛ በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል አጠገባቸው ቁጭ በዪና፣ ከድካማቸው ጀምሪ። «እማዬ፣ ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ለእኔ ተብሎ እርሱ እንዲደበቅ አልፈልግም» የሚለውን ከዚህ በፊት በግልጽ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ምናልባት ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከሙት አንቺ ያልጠየቅሻቸውን ነገር ሊሆን ይችላል። ስለ ትዳሩም ቢሆን አንቺ ራስሽ ምን ታስቢያለሽ? የምታገቢው ሰው ከመጀመሪያው ቢያውቅ ትመርጫለሽ ወይስ ከሠርጉ በኋላ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም፤ ለእናትሽ ግን ሊጠቅማቸው ይችላል።

ተቆጥተው «አይሆንም» ቢሉሽስ? ያን ጊዜ እልህ ውስጥ አትግቢ። ለጠያቂዎቹ «በቅርበት የማውቀው፣ ለብዙ ዓመታት የዕለት ኑሮውን የተካፈልኩት ልጅ አለ» ማለት ትችያለሽ። ልትናገሪ ከምትፈልጊው ያነሰ ነው፤ ውሸት ግን አይደለም፤ «የለኝም» ከማለትም እጅግ ይለያል።

«ቤት ዘግቼበት» ያልሽው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የነካኝ እርሱ ነውና። በቃለ መጠይቁ ላይ ከሚቀርቡልሽ ጥያቄዎች አንዱ «ልጅ ደብቀው ይዘዋል የተባሉ ቤተሰብ በር ላይ ብትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል እንደሚሆን እገምታለሁ። ብዙ አመልካች ለዚህ ጥያቄ «ስለ ልጆች መብት ግንዛቤ እሰጣቸዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። አንቺ ግን በዚያ በር ውስጠኛው በኩል ኖረሻል። እስቲ ዛሬ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢና ይህን ጻፊ፦ የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ሠራተኛ የእናትሽን በር ቢያንኳኳ፣ ምን ብሎ ቢጀምር ነበር እናትሽ «ግባ» የሚሉት? ምን ቢል ነበር በሩን መልሰው የሚዘጉት? ወንድምሽን ለማየት በስንተኛው ቀን ቢጠይቅ ነበር እሺ የሚሉት?

እኔ ብሆን መዝገብ ከፍቶ «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ የሚጀምረውን አላስገባም። ቁጭ ብሎ ቡናዬን የሚጠጣውን፣ ሌሊት እንቅልፍ አገኝ እንደሆነ፣ ልጄን ስሸከም ወገቤን ያመኝ እንደሆነ የሚጠይቀኝን፣ «ምስኪን» የማይለውን፣ ምን ኃጢአት ሠርተሽ ነው የሚል ነገር በፊቱ ላይ የማይነበብበትን፣ ሲሄድም «በሚቀጥለው ማክሰኞ እመለሳለሁ» ብሎ በማክሰኞው የሚመጣውን ግን በሦስተኛው ጊዜ ልጄን አሳየው ይሆናል። አንቺ ከእኔ የተሻለ መልስ እንዳለሽ እርግጠኛ ነኝ፤ ያንን መልስ ነው ሐሙስ ዕለት ይዘሽ የምትሄጂው። በሩን የዘጋሽው አንቺ አይደለሽም፤ ቁልፉ በእጅሽ ባልነበረበት ዕድሜ የተዘጋ በር ነው። አሁን ግን ትልቅ ሰው ሆነሻልና፣ ቀስ ብሎ እንዲከፈት የድርሻሽን ልታደርጊ ትችያለሽ። የራስሽ ቤት በር ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ድረስ የሌላውን ማንኳኳት የለብሽም የሚል ሕግ ግን አላውቅም።

ይህን ስጽፍ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ትዝ ይሉኛል። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው የሚሠሩ ሴት ነበሩ፤ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም የልጃቸውን ነገር በአደባባይ ከመናገር አልተቆጠቡም። የእርሳቸውን የማነሣልሽ አንቺም በአደባባይ ተናገሪ ለማለት አይደለም። እርሳቸው እናት ነበሩ፤ ጊዜውንም አነጋገሩንም የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ የአንቺ እናት ጊዜ ገና ላይደርስ ይችላል። ነገር ግን ከአንድ ቤት ጭንቀት ተነሥቶ ለብዙ ቤት የሚተርፍ ሥራ መሥራት በአገራችን ያልታየ ነገር እንዳልሆነ ብታውቂ፣ «የራሴን ትቼ» የሚለው ሐሳብ ትንሽ ይቀልልሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ዕለቱ ዝግጅት እንለፍ። ቦታውን የማታውቂው ከሆነ ከሐሙስ በፊት አንድ ቀን ሄደሽ እዪው። ከቱሉ ዲምቱ በኋላ ታክሲው የት እንደሚያወርድሽ፣ ከዚያ ባጃጅ መኖር አለመኖሩን፣ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ካወቅሽ ጠዋት አትርበተበቺም፤ ዝናብ ከሆነ መንገዱ ሊጨቀይ ስለሚችል ቅያሪ ጫማ በፌስታል ያዢ። የትምህርት ማስረጃሽን ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም፣ የሱፐርማርኬቱንም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ውሰጂ። ካሸርነቱን እንደ ተራ ነገር አትይው፤ ቀኑን ሙሉ ከሚቸኩልና ከሚቆጣ ሰው ጋር በትዕግሥት መነጋገርን የተማርሽበት ነው።

ግቢው ውስጥ ስትገቢ ፈተናው ከቢሮው በፊት ሊጀምር ይችላል። አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ ሊያቅፍሽ፣ ቦርሳሽን ሊይዝ ወይም ዝም ብሎ ፊትሽ ቆሞ ሊያይሽ ይችላል። ዝቅ ብለሽ ለልጁ ለራሱ ሰላምታ ስጪው፤ አጠገቡ የቆመችውን ሞግዚት በእርሱ ራስ ላይ «ስሙ ማን ነው?» ብለሽ አትጠይቂያት። ይህን ለወንድምሽ ስታደርጊው ስለኖርሽ የምነግርሽ በጭንቀት ብዛት እንዳይጠፋብሽ ብቻ ነው። ከጠያቂዎቹም መካከል አካል ጉዳተኛ ባለሙያ ሊኖር ይችላል። ማየት የተሳነው ሰው ካለ ድምፅሽን አሰምተሽ ስምሽን ንገሪው፤ ራስሽን ነቅንቀሽ አትመልሺለት። መስማት የተሳነው ካለ አስተርጓሚውን ሳይሆን እርሱን እያየሽ ተናገሪ። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ሳትጠየቂ ወንበሩን አትግፊ።

ሕጉን መጠነኛ ያህል ብታነቢም ይጠቅምሻል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን እ.ኤ.አ. በ2010 ማጽደቋን፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ የሚያዝ መሆኑን፣ በሥራ ስምሪት በኩልም አዋጅ ቁጥር 568/2000 መኖሩን ብታውቂ በቂ ነው። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃልሽ ማንበልበል አይጠበቅብሽም።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ «የለኝም» እንዳትዪ። አንድ ሠራተኛ ስንት ቤተሰብ እንደሚከታተል፣ የትራንስፖርት ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ምን ሥልጠና እንደምታገኚ፣ በምትሄጂበት ቤት ልጅ ሲደበደብ ወይም ሲጎዳ ብታዪ ለማን እንደምታሳውቂ ጠይቂያቸው። ከሁሉ በላይ፣ ቅጥሩ ቋሚ ነው ወይስ ለፕሮጀክት? ፕሮጀክት ከሆነ መቼ ያበቃል? የቤታችሁ ወጪ በአንቺ ደመወዝ ላይ የቆመ ስለሆነ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ውሉን ፈርመሽ እጅሽ ላይ ሳይገባ ከሱፐርማርኬቱ አትልቀቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ስለምትሰጪ ይህንንም ለአዲሱ ድርጅት ንገሪያቸው፤ የሙከራ ጊዜ ካለውም ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ እንደማይችል እወቂ።

ስለ ወንድምሽ የራሱ ጉዳይ፣ ድርጅቱ ለእርሱ የሚሆን የቀን አገልግሎት ወይም ሥልጠና ይኖረው እንደሆነ በቃለ መጠይቁ መሃል አታንሺ፤ ሁለቱ ጉዳዮች ሲደባለቁ ያን የምትፈሪውን ስሜት ይፈጥሩብሻል። ሥራውን አገኘሽም አላገኘሽም፣ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ እንደ ማንኛዋም እህት ሄደሽ ልትጠይቂ መብትሽ ነው። ከተቀጠርሽና እናትሽ እሺ ካሉ ደግሞ፣ ቤታችሁን የሚጎበኘው አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ባልደረባሽ እንዲሆን ኃላፊሽን ጠይቂ፤ እዚያ ቤት ውስጥ አንቺ ልጅና እህት እንጂ ሠራተኛ መሆን የለብሽም። እናትሽም ከሌሎች እናቶች ጋር አንድ ቀን ቢቀመጡ፣ ከእኔም ከአንቺም የማይሰሙትን ነገር ከእነርሱ ይሰሙ ይሆናል።

እስከዚያው አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ ከሐሙስ ጋርም አትያያዝም። ወንድምሽ እጅሽን ይዞ የበሩ እጀታ ላይ ሲያሳርፈው ብዙ ጊዜ ምን ታደርጊያለሽ? በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ እናትሽ በሚመርጡት ሰዓት፣ ጎረቤት ወደየቤቱ ከገባ በኋላም ቢሆን፣ ክፈቺለት። እናትሽ ከፈሩ የመጀመሪያው ቀን እስከ ደረጃው መታጠፊያ ብቻ ይሁን፤ ቁጭ ብላችሁ ትንሽ ነፋስ ተቀበሉና ተመለሱ። በማግስቱ አንድ ፎቅ ጨምሩ። እንዴት እንደሆነለት፣ ሐሙስም እንዴት እንደዋልሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።